ኦሪጅናሉ ሰማያዊው ከረጢት ውስጥ ነው

እሑድ፣ መስከረም 4

ለምስክርነት ተነሥቼ ተናገርኩ። ጉባኤው ውስጥ የሚያንጎላጅ አንድ ሰው እስኪጠፋ ድረስ ተናገርኩ። «ልጄ ሊዲያ እዚሁ ፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ሕግ ልትማር ተቀበሏት» ስል እልልታው የኪራይ አዳራሹን ጣራ ሊያነሣው ምንም አልቀረው። የአዳራሹ ጠባቂ፣ ጀርመናዊው፣ በበሩ ብቅ ብሎ አየን። እሳት የተነሣ መስሎት ነው።

ደብዳቤው የመጣው ሐሙስ፣ በአዲስ ዓመት ዕለት ነው። የከፈትኩትም ያነበብኩትም እኔ ነኝ። የማታ ትምህርቴን ከጨረስኩ ወዲህ የፖስታ ሳጥኑ ቁልፍ ከአንገቴ አይወርድም። ባለቤቴ ወይንሸት «እንደ ሜዳልያ አንጠለጠልከው» ትላለች። ትበል። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ በሁለት ፊደል የሚያነብ ባል ስንት ሴት አላት? ላቲኑን በጀርመኖቹ የማታ ትምህርት ቤት ተማርኩ፤ የእኛን ፊደል ደግሞ ከጋሼ መስፍን። ጋሼ መስፍን ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ሳሎናቸው ውስጥ ስድስት ጎልማሶች ሰብስበው አስተማሩን። «በየቀኑ ሦስት መስመርም ቢሆን ጻፍ፣ አለበለዚያ ፊደሉ ይከዳሃል» ስላሉኝ ነው ይህን ደብተር የያዝኩት። ለእኔ መች ሦስት መስመር ይበቃል።

የደብዳቤው የመጀመሪያ ገጽ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። አንዳንዱ የጀርመን ቃል ባቡር ነው፤ መጨረሻው ሲደርስ መጀመሪያውን ትረሳዋለህ። ግን «ተቀብለንሻል» የሚለውንና «ሕግ» የሚለውን ለይቼ አገኘኋቸው። ከዚያ በኋላ ማን ያነባል? ሊዲያ ትምህርት ቤት እንደጨረሰች ካሰል ከተማ ሙዚየም ውስጥ ለጊዜው ትሠራለች። ደወልኩላት። ጩኸቷ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ዛሬ ሌላም ድል አለ። የጸሎት ርዕሴን በገዛ እጄ ጻፍኩ። እኛ ጋ ልማዱ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ሰው ርዕሱን ይጽፋል፣ ስም በሌለው ነጭ ፖስታ ያሽጋል፣ ሰማያዊው ከረጢት ውስጥ ይከታል። የጸሎት እናቶች ሳይከፍቱት እስከ ረቡዕ ይጾሙበታል። ረቡዕ ማታ በሁሉም ፊት ይቀዳድዱታል፤ ምስጢር እንዳይወጣ። እስካሁን የእኔን የምትጽፈው ወይንሸት ነበረች። ሰው ለእግዚአብሔር የሚነግረውን መጀመሪያ ለሚስቱ ሲያስጽፍ አስቡት።

ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን ፖስታው ላይ ደግፌ፣ እስክሪብቶው እስኪያቃስት ተጭኜ ጻፍኩ። ምን እንደጻፍኩ እዚህ አልናገርም፤ ወይንሸት ይህን ደብተር እንደምታነብ አውቃለሁ።

ደግሞስ ጀርመን አገር ማስረጃ ያልተያያዘበት ማመልከቻ ማን ይቀበላል? የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ፣ ሁለቱንም ገጽ፣ ከጸሎቴ ጋር በፕላስተር አጣብቄ ከተትኩት። ኮፒ ላድርግ ብዬ ነበር። ከዚያ፣ ለእግዚአብሔርማ ኮፒ አይሰጥም አልኩ።

ሰኞ፣ መስከረም 5

ሊዲያ ማምሻውን ገባች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣ «ባባ፣ ወረቀቱ የት አለ?» አለች።

«በደህና ቦታ ነው» አልኳት።

«የት ደህና ቦታ?»

«ከዚህ ቤት በጣም የተሻለ ቦታ።» ይህ እውነት ነው።

«ሁለተኛውን ገጽ አንብበኸዋል?»

«ሁለተኛ ገጽ እንዳለው አይቻለሁ።» ይህም እውነት ነው።

ጓደኛዋ ያንኑ ዓይነት ደብዳቤ ደርሷት ነው ለካ የምታውቀው። ሁለተኛው ገጽ የመመዝገቢያ ቅጽ ነው። ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ ኦሪጅናሉ ከነደብዳቤው ዓርብ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ቢሮ መድረስ አለበት፤ ራሷ ይዛ ሄዳ። ካልደረሰ ቦታው ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል።

ይህ አልበቃ ብሎ፣ «ደግሞ ሕግ ብቻ አይደለም እኮ» አለች። ዋናው የሥነ ጥበብ ታሪክ ነው። ሕጉ ሁለተኛ ነው። ሁለቱን አጣምራ ነው የምትማረው። «ነግሬህ ነበር፣ ባባ።»

ነግራኛለች። «ሕግ» የሚለውን ስሰማ ጆሮዬ ሞላ፤ ሌላው አልገባበትም።

«ሥዕል ለማየት ዩኒቨርሲቲ ይገባል?» አልኩ።

ወይንሸት ከወጥ ቤት፣ «አንተ ሀ ሁ ለማየት ሁለት ዓመት ገብተህ የለም?» አለች።

አሁን ያለሁበት ሁኔታ፦
ደብዳቤው ከረጢት ውስጥ ነው።
ረቡዕ ማታ ይቀደዳል።
ዓርብ ያስፈልጋል።
ጉባኤ ፊት ግማሹን ብቻ መስክሬያለሁ።
ለሊዲያ አልነገርኳትም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 6

ጻይልስሃይም ከሚገኘው ፋብሪካ ጽዳቴን ጨርሼ በቀጥታ ሽቫንሃይም፣ እትዬ ብርቄ ቤት ሄድኩ። የጸሎት እናቶች አለቃ ናቸው። ከረጢቱ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ዓይኔን ከሱ ላይ ማንሣት አቃተኝ።

«እትዬ፣ አንድ ፖስታ ተሳስቼ ከትቼ ነበር» አልኳቸው።

«ጸሎት ተሳስቶ አይገባም፣ ጌታቸው።»

«ላውጣውና ሌላ ላምጣልዎ።»

«ደንቡን ያወጣው ማን ሆነና ነው?»

እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት አንዷ የጸሎት እናት ፖስታ ከፍታ ርዕሶቹን አነበበች፤ ወሬውም ወጣ። ከወጣው ወሬ አንዱ የእኔ ነበር፦ «ጌታዬ ሆይ፣ ማንበብ እንድችል እርዳኝ» ይላል፣ በወይንሸት ጽሕፈት። እስከዚያ ቀን ድረስ ጋዜጣ በብብቴ ይዤ ነበር ጉባኤ የምገባው። ሰው ሁሉ አወቀ። በሚቀጥለው ስብሰባ ቆሜ ከረጢቱ እንዳይነካ የሚል ደንብ እንዲጻፍ የጮኽኩት እኔ ነኝ፤ የማታ ትምህርት የተመዘገብኩትም በዚያው ሳምንት ነው። እትዬ ብርቄ ይህን አልረሱም። እኔም አልረሳሁም።

«ምንድን ነው የከተትከው?» አሉኝ፣ ለስለስ ብለው።

መናገር ነበረብኝ። ጉባኤ ሁሉ ፊት ደብዳቤ አነበብኩ ብሎ የፎከረ ሰው፣ ሁለተኛውን ገጽ አላነበብኩም ለማለት አፉ አይከፈትም። «ምስጋና ነው» ብዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ስልክ በስልክ ላይ። ሦስት ምእመናን «ለጠበቃዋ ልጅህ» የሚያሳዩት ደብዳቤ አላቸው። አንዷን እንደ ጀርመኖቹ «ቴርሚን ያዢ» አልኳት፤ ቀጠሮ ማለቴ ነው። የሌላውን ግን ቤቱ ሄጄ ራሴ አነበብኩለት። ሰውየው ከቤት ሊያስወጡኝ ነው ብሎ ሦስት ቀን አልበላም። ለካ የመብራት ቆጣሪ ሊያዩ ነው የሚመጡት። እኔ ነኝ ያነበብኩት፣ እስከ መጨረሻው ገጽ። ዛሬ የተደሰትኩት በዚህ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ መስከረም 7

ብዙ ነው። ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ሊዲያ ከሥራ ስወጣ ጠብቃኝ «ና፣ የምማረውን ላሳይህ» አለችኝ። ሮመርበርግ አደባባይ ወሰደችኝ። ሃያ ዓመት በዚያ አልፌያለሁ። መሐሉ ላይ ባለው የውሃ ምንጭ የፍትሕ ምሳሌ የሆነች የነሐስ ሴት ቆማለች፤ በአንድ እጅ ሚዛን፣ በአንድ እጅ ሰይፍ።

«ዓይኗን እይ» አለች።

አየሁ። ክፍት ነው።

«በሌላ ከተማ ብዙ ጊዜ ዓይኗ በጨርቅ ይታሰራል። እዚህ ግን ክፍት ነው። ለምን? ማን ወሰነ? ዳኛ ማየት አለበት ወይስ የለበትም? ሚዛኑ ሕግ ነው፣ ባባ፤ ዓይኑ ሥነ ጥበብ ነው። አንዱን ብቻ ከተማርኩ ግማሿን ነው የማያት።»

ይህን የምታወራው እኔ ዳይፐር የቀየርኩላት ልጅ ናት። አሁን ሕግ ብቻ ብማር ይሻላል ብትል ኖሮ እዚያው እከራከራት ነበር። ከዚያ ያቺ የነሐስ ሴት ያየችኝ መሰለኝ፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሁሉንም ለሊዲያ ነገርኳት። ከረጢቱን፣ ፕላስተሩን፣ ኮፒ አይሰጥም ያልኩትን።

ሊዲያ በጀርመንኛ አንድ ነገር አለች። እዚህ አልጽፈውም። እዚያው ቆማ ቢሮው ደወለች። ሌላ ወረቀት ይልካሉ፤ ግን በፖስታ፣ በሚቀጥለው ሳምንት። ስልኩን ዘጋችና የምንጩ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ፣ «የከረጢቱ ደንብ በትክክል ምን ይላል?» አለችኝ።

«እንዳይነካ ይላል።»

«አይደለም። የተጻፈው።»

የተጻፈው እትዬ ብርቄ ደብተር ውስጥ ነው። በኡባን፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ጊንሃይም ሄድን፤ አዳራሹ እዚያ ከአንድ ረጅም ማማ አጠገብ ነው። ስንገባ ጸሎቱ አልቆ፣ ከረጢቱ ጠረጴዛ ላይ፣ መቀሱ አጠገቡ። ወደፊት ወጣሁ። እሑድ ግማሹን እንደመሰከርኩ ተናገርኩ። ልጄ ሥነ ጥበብና ሕግ አጣምራ እንደምትማር፣ ሁለተኛውን ገጽ እንዳላነበብኩ፣ ኦሪጅናሉ እዚህ ውስጥ እንዳለ። በዚህ ጊዜ እልልታ የለም። ከኋላ አንዱ «ሥዕል ምን እንጀራ አለው?» ሲል ሰማሁት።

ሊዲያ ጎንበስ ብላ፣ «እትዬ ብርቄ፣ እባክዎ ደንቡን ያንብቡልን» አለች።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፦ የአንድን ሰው ፖስታ ሌላ ሰው አይከፍትም፤ ከረቡዕ ጸሎት በኋላ በጉባኤ ፊት ይቀደዳል።

«ሌላ ሰው ነው የሚለው» አለች ልጄ። «ባለቤቱ ራሱ እንዳይከፍት የሚከለክል አልተጻፈም። የተጻፈውም በአባቴ ላይ እንደደረሰው ዓይነት ነገር በማንም ላይ እንዳይደርስ ነው። የራሱን ቢወስድ ማን ይጎዳል?»

እትዬ ብርቄ ደብተሩን እንደገና አዩት። ጣታቸውን ከመስመሩ በታች አስኬዱ። «ይሁን» አሉ። «ግን ሠላሳ ነጭ ፖስታ ነው፣ ስም የለውም። የእሱ የትኛው ነው? ተሳስተን የሌላ ሰው ገመና ብንከፍትስ?»

ይህን ሊዲያም አላሰበችውም ነበር፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ወፍራሙን ልናወጣ ስንል ወፍራም የሆኑ ስድስት ወጡ። ሰው ብዙ ችግር አለበት።

ከዚያ ዞር ብላ፣ «ባባ፣ ስትጽፍ ወረቀቱ ከሥሩ ምን ነበረው?» አለችኝ።

«ፖስታው ራሱ።»

የጠረጴዛውን መብራት ለመነች። ሌሎቹን መብራቶች አስጠፋች። ሙዚየሙ ውስጥ አሮጌ ሥዕል ሲመረምሩ እንዲህ ያደርጋሉ አለች፤ መብራቱን ከጎን፣ ዝቅ አድርጎ፣ ፊቱ ላይ የተቀበረው ሁሉ ጥላ እንዲያወጣ። ስድስቱን ፖስታ አንድ በአንድ አጋደመች። አንደኛው ለስላሳ። ሁለተኛው ለስላሳ። ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ መብራቱ ሲተኛ ፖስታው እንደታረሰ መሬት ሆነ። ቀለም የለውም፤ ፈለግ ብቻ። ከመሐሉ «ሊዲያ» ይላል፣ የእኔ «ሊ»፣ እግሯን አንፈራጣ የቆመችው። ጋሼ መስፍን «አትጫን፣ ወረቀቱ በድሎህ ነው?» እያሉ ስንት ማታ ተቆጥተውኛል። ነገ እነግራቸዋለሁ።

እትዬ ብርቄ ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና ብለው ወደ ኋላ ወንበሮች፣ «ሥዕል ምን አለው ያልከው አንተ ነህ አይደል?» አሉ። ሳቁ አሁንም አዳራሹ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም።

ፖስታውን በገዛ እጄ ከፈትኩ። ደብዳቤው ሙሉ ነው። የጸሎቱን ገጽ ግን እትዬ ብርቄ ተቀብለው ከሌሎቹ ጋር ቀደዱት። ደንብ ደንብ ነው አሉ። ፕላስተሩን የላጠችው ሊዲያ ናት። ስትልጥ ትንሽ ዘገየች። አነበበች አላነበበች አላውቅም።

ሐሙስ፣ መስከረም 8

ደብዳቤውን ተኮስኩት። ወይንሸት «ደሞ አቃጥለውና የእሳት አደጋ ምስክርነት ስጥ» አለችኝ። ፎጣ አልብሼ፣ ካውያውን ዝቅ አድርጌ። ፕላስተሩ የነበረበት ጥግ ላይ ትንሽ ተላጠ እንጂ ሌላው እንደ አዲስ ሆኗል።

ሁለተኛውን ገጽ አነበብኩ። ሙሉውን። ሊዲያ ከመፈረሟ በፊት ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ሦስት ቦታ አረመችኝ። አንዱ ጋ ስሕተቱ የራሷ ነበር።

ጋሼ መስፍን በስልክ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «አትጫን ያልኩህን ተወው» አሉ።

ዓርብ፣ መስከረም 9

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ገባን። ሴትዮዋ የተላጠውን ጥግ በጣቷ ነካ አድርጋ «ምን ሆኖ ነው?» አለች። ሊዲያ «አባቴ በጣም በደህና ቦታ አስቀምጦት ነበር» አለቻት። ማኅተሙ ሲመታ ድምፁን ሰምቼ፣ እንዲያው ደግማ ብትመታው ብዬ ተመኘሁ። የተማሪ ወረቀቷን ሰጡን። ሁለቱም ትምህርት ተጽፏል፣ አንዱ ከአንዱ በታች። ሁለቱንም አነበብኩ፣ እዚያው ቆሜ፣ ሰልፉ ጠበቀኝ።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ በመስኮት እያየች፣ «ባባ፣ አንዷን መስመር አይቻታለሁ» አለች።

ጸሎቴ ይህ ነበር፦ ሊዲያ ትልቅ ሰው ስትሆን በእኔ እንዳታፍር፣ የምትጽፈውን ሁሉ እኔም ማንበብ እንድችል። ተቀዷል፤ አሁን ብጽፈው ምንም አይደለም። ወይንሸትም ታንብበው።

«የትኛዋን መስመር?» አልኳት።

የተማሪ ወረቀቷን አጥፋ ጃኬቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተችው። «አንተ ያዝልኝ» አለች። ይህን ሁሉ ካየች በኋላ ወረቀቷን ለእኔ ሰጠች። ኪሴን እስከ ቤት ድረስ በእጄ ይዤ ሄድኩ።

የመጀመሪያ ጽሑፏ ስለዚያች ዓይኗ ስለተከፈተች ሴት እንደሚሆን ነግራኛለች። ላንብብልህ አለችኝ። ራሴ አነባለሁ አልኳት። ስንት ገጽ እንደሚሆን ግን አልጠየቅኳትም።