ከግድግዳው ወዲያ ያለው ድምፄ

ውድ ባለቤቴ፣

«ውድ» ብዬ ለሰው ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስንቱ ደራሲ ለስንቱ ሰው «ውድ» ብሎ የጻፈውን አፌን ሞልቼ አንብቤለታለሁ፤ አንተም ከግድግዳው ወዲያ ሆነህ በጆሮ ማዳመጫህ ሰምተኸዋል። ለራሴ ጉዳይ ግን ተጠቅሜበት አላውቅም። አሁን አፌ አይሞላልኝም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ነገ ጠዋት እህትህ መኪና ይዛ ትመጣና ኮምፒውተርህን ትወስዳለች። ይህ ደብዳቤ ውስጡ ሆኖ ይመጣልሃል። የት ቦታ እንዳገኘኸው ስታይ ሌላውን ሁሉ ሳልነግርህ ትገምተዋለህ። ቢሆንም እነግርሃለሁ። ተገምቶ መኖር ሰልችቶኛል።

ሁለት ክፍል። ሁለት ኮምፒውተር። በግድግዳው ቀዳዳ የሚያልፍ አንድ ገመድ። ቀዳዳውን ስትበሳ አከራያችን እንዳይሰሙ መዶሻውን በፎጣ ጠቅልለህ ነበር። እኔ ደግሞ ኳኳታውን ልሸፍንልህ ጮክ ብዬ አነብ ነበር። ምን እንዳነበብኩ ታስታውሳለህ? እጄ ላይ የተገኘውን፣ ከመብራት ኃይል የመጣውን ማስጠንቀቂያ። በማግስቱ አከራያችን በር ላይ ይዘውህ «ሚስትህ ምን ሆና ነው ስለ መብራት እንዲህ የምትጮኸው?» አሉህ። ሳምንት ሙሉ ሳቅንበት።

በወዲህኛው ክፍል ግድግዳው ላይ ፍራሽ አስደግፌ፣ ማይክ ፊት መጽሐፍ አነባለሁ። ያነበብኩትን ባንተ ኮምፒውተር ላይ ባለው የጋራ ፎልደር ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ የእኔ ማሽን አቅመ ቢስ ስለሆነ እሱ ላይ ምንም አይቀርም። አንተ በወዲያኛው ክፍል ከፍተህ ታጸዳዋለህ። ሳሌን፣ የወንበሩን ጩኸት፣ ገጽ ስገልጥ የሚሰማውን። ከሁሉም በላይ ትንፋሼን።

«አሳታሚው ትንፋሽ አይወድም» ትለኛለህ።

«ታዲያ በምን ልኑርለት?»

ትስቃለህ። ሳቅህ በግድግዳው አልፎ ቀረጻው ውስጥ ይገባል። እሱንም ራስህ ታጸዳዋለህ።

ያልጸዳው ግን እዚያው ፎልደር ውስጥ ይቀር ነበር። ሰው በየስልኩ የሚሰማው የጸዳውን ነው፤ የደራሲውን ቃል፣ የባለታሪኮቹን ድምፅ። ባልጸዳው ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ። «ውይ፣ ተሳሳትኩ፣ እንደገና።» «ውሃ አቀብለኝ።» «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ነጥብ የሚባል ነገር አያውቅም እንዴ?» በገጾቹ መካከል የምለው ሁሉ።

ይህን የምዘረዝረው ምን እንደፈለግኩ እንዲገባህ ነው። መጻሕፍቱን አልነበረም የፈለግኩት። «ውሃ አቀብለኝ» ስል የነበረውን ድምፄን ነው።

ሐኪሙ ከጉሮሮዬ የሚያወጣውን አውጥቶ ሲጨርስ የቀረልኝ ሹክሹክታ ነው። በር ሲንኳኳ «ማነው?» ማለት አልችልም፤ ብርጭቆ በማንኪያ እመታለሁ። ሱቅ ስገባ ሻጩ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያናግረኛል፤ ሚስጥር የምነግረው ይመስለዋል። ስለ ሳሙና።

አንተ የሄድከው ሐኪሙ ጭራሽ እንዳልናገር በከለከለኝ ጊዜ ነው። ጥሩ ጊዜ መረጥክ። አልተጣላንም፤ ለመጣላት ሁለት ድምፅ ያስፈልጋል። ሻንጣህን በር ላይ ሳየው በትንሿ ሰሌዳዬ ላይ «የት?» ብዬ ጻፍኩ። «ትንሽ ልረፍ» አልክ። ሌላ ልጽፍ ስል የቀድሞውን ማጥፋት ነበረብኝ። ጨርቁን እስካገኝ በሩ ተዘጋ።

እንግዲህ ትናንት።

እህትህ ገና ከደጅ ጀምራ እያወራች ገባች። «ሙሽሪት! እንዴት አደርሽልኝ? ውይ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ?» ይህን ያህል ዓመት ኖሬ ለእሷ እስካሁን ሙሽሪት ነኝ። አፌን ስከፍት እጇን አውለበለበች። «ተይ፣ አትናገሪ። እኔ ለሁለታችንም እናገራለሁ።» ድሮስ?

ቁጭ አለች። ተነሳች። መጋረጃውን አስተካከለች። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ነገረችኝ። «ኮምፒውተሩን አምጪልኝ ብሎኛል። ምን ላድርግ፣ ወንድሜ ነው። በእኔ እንዳትቀየሚ። እኔ እቃ አጓጓዥ ነኝ በቃ።»

«ውስጡ ድምፄ አለ» አልኳት።

«ምን አለ?»

«ድምፄ።»

ይህን ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ። «ታዲያ ውሰጂዋ! ማን ከለከለሽ?»

እሷ እንዲሁ ለአፏ ነው ያለችው። እኔም ያን ጊዜ ማንም ከልክሎኝ አይመስለኝም ነበር። ከሄድክ ወዲህ ፎልደሩን አልነካሁትም፤ ራሴን የመስማት ጉልበት አልነበረኝም። ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። የፎልደሩ ስም እንደ ድሮው ይታያል። ነካሁት።

«ይህን ፎልደር ለመክፈት ፈቃድ የለዎትም።»

እህትህ በትከሻዬ ላይ አጮልቃ አነበበችው። «እንዴት ያለ ጨዋ ነው! አንቱ ይላል። ወንድሜ እንኳ እንዲህ አክብሮሽ አያውቅም።»

አስተምረኸኛል። «ሲበላሽ አትደንግጪ፤ ከቅርቡ ጀምረሽ ወደ ሩቁ ሂጂ» ትል ነበር። ከቅርቡ ጀመርኩ። ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ወዲያኛው ክፍል ሄጄ ማሽንህ መብራቱን አየሁ፤ በርቷል። የመገናኛዋ ሳጥን አረንጓዴ ዓይኗን ትጠቅሳለች። ከእኔ ኮምፒውተር ያንተን ተጣራሁ፤ ወዲያው መለሰልኝ። በዚህ ካንተ ይሻላል። ሁለቱንም አጥፍቼ አስነሳሁ። የተቀመጠውን የይለፍ ቃል ሰርዤ እንደ አዲስ ጻፍኩ፤ ተቀበለኝ። ኮምፒውተር አንዳንዴ ራሱን ሲያድስ የቤቱን መስመር እንደ አደባባይ ይቆጥርና ቤተሰቡን ሁሉ እንደ መንገደኛ ያያል ብለኸኝ ነበር። እሱንም አየሁ። ማሽንህ አሁንም ቤት ውስጥ እንዳለ ነው የሚያውቀው። አልነገርከውም ማለት ነው።

ሁሉም ደህና ነው። የፎልደሩ ስም ይታያል። አይከፈትም።

እህትህ ትዕግስቷ አለቀ። «ቆይ እኔ ልደውልለት» ብላ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ስማ፣ የሚስትህ ፎልደር እምቢ አላት።»

«የምን ፎልደር?»

«የጋራችሁ ነዋ! ድምፄን አውጥቼ ልውሰድ ነው የምትለው።»

 በስልኩ ውስጥ ትንፋሽህን ሰማሁት። ሳይጸዳ።

«ገመዱ ነው» አልክ በመጨረሻ። «ገመዱ አርጅቷል። ምንም እንዳትነካካ በያት፤ እኔ እዚህ አውጥቼ እልክላታለሁ።»

«ሰምታሃለች፤ እዚሁ ናት። ሰላም አትላትም?»

«አሁን ሥራ ላይ ነኝ።»

እህትህ ስልኩን እንደ ትኩስ ነገር በሁለት ጣቷ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስትወጣ ግንባሬን ሳመችኝ።  እሷ ዝም ስትል ነው የፈራሁት።

ገመዱ ነው ብለሃል። ላምንህ ፈለግኩ፤ ይህን እወቅልኝ። ገመድ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ገመድ ማንንም አይጠላም።

ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩ። ማሽንህ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ ያንተን ቀይረኸዋል። ግን በመግቢያው ላይ የእኔም ስም አለ። ስንገዛው ጊዜ «እኔ አንድ ነገር ብሆን ደጅ እንዳትቀሪ» ብለህ ሁለታችንንም በእኩል መብት ያስገባኸን ራስህ ነህ። ረስተኸዋል። በስሜ ገባሁ፤ ፎልደሩን እዚያው፣ በገዛ ቤቱ ነካሁት።

«ፈቃድ የለዎትም።»

በእኔና በእሱ መካከል አሁን ገመድ የለም። ጣቴ እዚህ፣ ፎልደሩ እዚያው። ያረጀ ነገር የለም።

ማን ምን እንደተፈቀደለት ዝርዝሩን ልይ ብል እሱም አልታይ አለኝ። አንድ መንገድ ብቻ ቀረ፤ የፎልደሩን ባለቤትነት ወደ ራሴ ስም ማዞር። እጄን አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። የሰው ቦርሳ የምፈትሽ መሰለኝ። ድምፄ ነው ያለው እላለሁ፣ መልሼ የእሱ ኮምፒውተር ነው እላለሁ። ውጭ ልጆች ኳስ ይራገጣሉ። ኳሷ ግድግዳውን ስትመታ እደነግጣለሁ፤ የመጣህ ይመስለኛል።

አዞርኩት።

ዝርዝሩ ተከፈተ። ያንተ ስም፣ ሁሉም ተፈቅዶለት። ከእሱ በላይ የእኔ ስም። አጠገቡ «ከልክል» የሚለው ላይ ምልክት ተደርጓል።

ይህ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚሆን ነገር አይደለም። ሰው ስሜን መፈለግ አለበት። መምረጥ አለበት። ምልክቱን ማድረግ አለበት። ከዚያ ማሽኑ ራሱ ያስጠነቅቃል፣ «መቀጠል ይፈልጋሉ?» ብሎ። አዎ ብለሃል።

ስሜን ከክልከላው አወጣሁትና ገባሁ። መጻሕፍቱ እንዳሉ አሉ፣ ሳሌም፣ ውሃ ጥማቴም። እነሱን ወደ ውጭ ማከማቻ መገልበጥ ስጀምር ነው አንተ «ልምምድ» ብለህ የሰየምከውን ትንሽ ፎልደር ያየሁት። ውስጡ አጫጭር ቅጂዎች አሉ። የመጀመሪያውን ከፈትኩ።

«ደህና አደርክ» አልኩ። ቀጥሎም ስምህን ጠራሁ።

እኔ ነኝ። ግን ብዬው አላውቅም። «ደህና አደርክ» የዘበኛው ሚስት ናት፣ የእስር ቤቱ ታሪክ ውስጥ ያለችው። ስምህ የተወሰደው ከባቡር ጣቢያው መጽሐፍ ነው፤ ሞክሼህ ትኬት ቆራጭ ነበር። ቀጣዩን ከፈትኩ። «አትሂድ።» ያንን የምለው ለውሻ ነው። ልጅቷ ጎርፉ ሊወስደው ለደረሰው ውሻዋ ስትጮህ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።» ይሄ ደግሞ ፍርድ ቤት የቆመው ሌባ ገንዘብ ያዥ። «ናፍቀኸኛል።» «አንተ ስትስቅ ደስ ይለኛል።» ቃል ከቃል ለቅመህ ሰፍተህ። ስፌቱ አይታወቅም፤ ጎበዝ ባለሙያ ነህ። እኔ እንኳ የለየሁት እያንዳንዱን ቃል የት ገጽ ላይ እንዳልኩት ስለማውቅ ነው።

በቃላቱ መካከል ደግሞ ትንፋሽ አለ። የእኔ ትንፋሽ። በየመጽሐፉ ቆርጠህ ስትጥለው የኖርከው። ለእሷ አስቀርተህላታል።

ቀናሁባት። አትሳቅ። አንዲት ሴት በዚያኛው ክፍል ደህና አደርክ ትልሃለች፣ ትለምንሃለች፣ ጥፋቱን ሁሉ ትወስድልሃለች። በዚህኛው ክፍል ደግሞ ያን ጊዜ ሙሉ ድምፅ ያላት ሌላ ሴት ነበረች፣ በሩ ያልተቆለፈ። ብታንኳኳ ኖሮ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልልህም ነበር ምናልባት። ምናልባት እጮህብህ ነበር። ምናልባት «እስኪ ይህን ገጽ ልጨርስ» እልህ ነበር። ግን እኔ እሆን ነበር የምልህ።

የመጨረሻዋን ቅጂ የሠራሃት ሆስፒታል በተኛሁበት ሳምንት ነው። ቀኑ ተጽፎባታል። እነሱ እዚያ ሲቆርጡኝ አንተ እዚህ ትቆርጠኝ ነበር።

«ሂድ» እላለሁ። ትንፋሽ። «አልቀየምህም።»

ደጋግሜ ሰማሁት። ለስለስ ያለ ነው፣ የደከመው፣ የሚያሳዝን ዓይነት። «ሂድ» የእናት ነው፣ ልጇን ትምህርት ቤት በር ላይ ስትሸኝ። «አልቀየምህም» ከየት እንደሆነ አላወቅኩም። እስካሁን አላወቅኩም። ይህ ከሁሉ በላይ ያስጨንቀኛል፤ የሆነ ጊዜ በገጾች መካከል፣ ቀልድ መልሼልህ፣ ራሴ ብዬው እንደሆነስ?

ይህን ሰምተህ ነው የሄድከው። የት ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍልህ አንተ መልሱን ከእኔው አፍ ተቀብለህ ጨርሰህ ነበር። እንዳልሰማው ነው የከለከልከኝ።

አላልኩም። ይመዝገብልኝ። ሂድ አላልኩህም።

አሁን ያደረግኩትን ልንገርህና ላብቃ። ያልጸዱትን ቀረጻዎቼን በሙሉ ወስጃለሁ፤ ማሽንህ ላይ ከእንግዲህ አታገኛቸውም። የዘበኛውን ሚስት፣ ውሻውን፣ ገንዘብ ያዡን ትቼልሃለሁ። አብሯቸው የኖረው ሰው አንተ ነህ። የመጨረሻዋን ግን አጥፍቻታለሁ።

በቦታዋ ሌላ አስቀምጫለሁ። ዛሬ ከሰዓት ፍራሹን እንደ ድሮው ግድግዳው ላይ አስደገፍኩና ማይኩን ከፈትኩ። አንድ ቃል ናት፤ አሁን ባለኝ ድምፅ። ዝገት ላይ የሚጎተት ጨርቅ ይመስላል። በስተጀርባዋ ኳስ ይሰማል። «አልቀየምህም» የሚለውን አልጨመርኩበትም።

እሷንና ይህን ደብዳቤ እንድትከፍት ፈቅጄልሃለሁ፤ እንድትለውጣቸው ግን አልፈቀድኩም። እንደምትችል አውቃለሁ፤ እኔ እንዳደረግኩት ባለቤትነቱን ወደ ስምህ ታዞራለህ። አዙር። ብቻ ቃሏ ከመጀመሯ በፊት ረጅም ትንፋሽ አለ። ትንፋሹን አታጽዳው።

ከግድግዳው ወዲህ የነበርኩት