የማርቲን መርዶ

ሰኞ፣ ማርች 3። ከምሳ በኋላ

ማስታወሻዬ፣ ሳትስቂ ስሚኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስፈልግ የከረምኩት የማላውቀውን ሰው ነው። የጎረቤቴ የእማማ ኖራ ወንድም ማርቲን፣ አባቱ ፓትሪክ። እኔም እንደ አገሬ «ማርቲን ፓትሪክ» ብዬ ኦንላይን የልደትና የሞት መዝገቡን ቼክ ሳደርግ ከረምኩ። ይሄን ያህል ዘመን ለንደን፣ ዊልስደን ኖሬ፣ በመጽሔት ዓምዴ ሰው ስተች እየዋልኩ። እማማ ኖራ ዛሬ አዩና ይሄ ደግሞ ማነው አሉኝ። የቤተሰቡ ስም ዶይል ነው። አፈርኩ።

ታናሻቸው ነው። ቤተሰቡ ከአየርላንድ ከመጣ በኋላ እዚሁ ለንደን የተወለደ። በወጣትነቱ ካባቱ ተጣልቶ ወጣ፣ ቀረ። እሳቸው በወሩ መጨረሻ የልብ ኦፕሬሽን አለባቸው። በቀደም ሆስፒታል የቅርብ ዘመድ ማን እንበል ሲሏቸው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። አጠገባቸው ነበርኩ። ፍለጋው ከዚያ ጀመረ።

ረቡዕ፣ ማርች 5

ልደቱ ወዲያው ተገኘ። የሞት መዝገቡ ግን! ማርቲን ዶይል እንደ አሸዋ ነው። እማማ ኖራ ደግሞ አያሠሩም። ስም በወጣ ቁጥር ይሄኛውን አውቀዋለሁ፣ ሚስቱን ጥሎ የሄደው ነው ይላሉ። እኔ ወሬ ስወድ፣ ሰዓቱ ሲነጉድ። ኋላ እሳቸው ሄደው ብቻዬን ስቀር፣ የልደት ቀኑ ልክ የሆነ አንድ ተገኘ። የሞት ሰርተፊኬቱን አዘዝኩ። ለእሳቸው ምንም አላልኩም።

ዓርብ፣ ማርች 14

ፖስታው መጣ። እሱ ነው። ሞቷል፣ ከአራት ዓመት በፊት፣ ባተርሲ። አውቶቡስና ባቡር ተይዞ የሚደረስ ቦታ! ከዚያ በታች ማንበብ አልቻልኩም፤ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ።

ወ/ሮ ለተብርሃን ጋ ደወልኩ። ከእማማ ኖራ ጋር አንድ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱ፣ አስመራ በአማርኛ የተማሩ ሴት። ተቆጡኝ። መርዶ ብቻሽን? ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው እንጂ። እሺ፣ ነገ? ነገማ አይሆንም፣ ኖራን ጉንፋን ይዟቸዋል፣ ይሻላቸው።

ሐሙስ፣ ማርች 20

ጉንፋኑ ለቀቀ። አሁን ደግሞ ሰው አልሞላም ይሉኛል ወ/ሮ ለተ። ሦስት ሰው ለመርዶ ምን ያደርጋል? እማማ ኖራ በየቀኑ በሬን ያንኳኳሉ፤ ከማርቲን ወሬ አለ? መልሱ በፖስታ ነው የሚመጣው፣ ዘገየ እላለሁ። ምስኪኑን ፖስተኛ ሁለታችን አምተን ጨረስነው። መረረኝ።

እሑድ፣ ማርች 23

ሌሊት 11 ሰዓት። ሰባት ሴት፣ ሁሉም ጥቁር ለብሶ፣ ኮሪደሩ ሞልቶ። እማማ ኖራ በፒጃማ ከፈቱ። ሕንጻው ተቃጠለ ወይ አሉ። ወ/ሮ ለተ ደፉን ሳይሻገሩ ለቅሶውን ለቀቁት። ተናገርኩ። እማማ ኖራ ወደ መስኮቱ ሄደው ጀርባቸውን ሰጡን። ከዚያ ዞር ብለው፦

«ማን አስመዘገበው?»

አልገባኝም። ሰው ሞቶ እንዲሁ አይመዘገብም፣ አንድ ሰው ሄዶ ይናገራል አሉ። የእናቴንም የአባቴንም ሄጄ የተናገርኩ እኔ ነኝ አሉ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽር አደረጉ። እኔ ካላነበብኩት መስመር ላይ ጣታቸው ቆመ። አስመዝጋቢ፦ ልጅ። ስሟ ካትሊን። አድራሻ፣ ባተርሲ።

«ይሄን ሁሉ ቀን የወንድሜን ልጅ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈሽብኝ ከረምሽ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ። ወ/ሮ ለተ ለቅሶውን መሃል ላይ አቆሙት። ነፍስ ይማር ነው እንኳን ደስ ያለዎት የሚባለው? ሰባት ሴት እርስ በርስ ተያየን።

ሰኞ፣ ማርች 24። ማታ

ኦፕሬሽኑ ሐሙስ ነው። ደብዳቤ እንላክ አልኩ፤ እማማ ኖራ የፖስታ ነገር ብለው በጎን አዩኝ። ተወሰነ፣ ነገ እንሄዳለን። ወ/ሮ ለተ በሌሊት እንውጣ ይላሉ! አይሆንም አልኩ። ከሰዓት በኋላ፣ ሁለታችን ብቻ፣ ጥቁር የለበሰ አይከተለንም። አኮረፉ። ያኩርፉ።

የፈራሁት እኔ ነኝ። አባቷ ለስንት ዘመን ዘመድ አለኝ ያላላት ሴት፣ በሩን ፊታችን ላይ ብትዘጋውስ? እማማ ኖራን ጠየቅኳቸው።

«ለመዝጋትም መጀመሪያ ትከፍተዋለች፤ ፊቷን አያለሁ» አሉ።

ነገ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ እነግርሻለሁ።