የአመዱን መንገድ በግሬደር ላስጠረጉልን ክቡር የመንገድ ጉዳይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ በሙሉ ጤና፣ በደረቅ መሬት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ በማድረግ የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ከአማኑኤል ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ የምኖር ሴት ነኝ። ለውለታዎ በቃል ላመሰግንዎ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ትጋትዎ። መንገዳችን የሚያልፍበት መረሬ በክረምት አብጦ ጎማ የሚውጥ፣ በበጋ ተሰንጥቆ የከብት እግር የሚሰብር ጥቁር አፈር መሆኑን ያውቃሉ። የቀድሞ ተማሪዬ እንዳላማው ምህንድስና ተምሮ ሲመለስ፣ የምንጥለውን የበቆሎ ቆረቆንዳ አቃጥለን አመዱን ከጥቂት ኖራ ጋር በአፈሩ ብንለውሰው እብጠቱ እንደሚቀንስ ፈትኖ አሳየን። ካቻምና ግንቦት ሰፈሩ ሁሉ አመድ በጆንያ ተሸክሞ ወጣ። ክፉኛ የሚያሰምጠውን መቶ ሃያ እርምጃ ለውሰን፣ ውሃ አርከፍክፈን ጠቀጠቅነው። ክረምቱን ሙሉ ባጃጅ ያለ ገፊ ሲያልፍበት ቆሜ አይቻለሁ፤ አልቅሻለሁም።

አሥራ ሁለት ዓመት ያመለከትንበትን ጭቃ ለማየት ጊዜ ያጡት እርስዎ፣ ይህን ግን ሰምተው ባለፈው ሰኔ ግሬደር አስከትለው መጡ። እንዳላማው መንገዱ ላይ ቆሞ፣ «ጌታዬ፣ ቢያንስ ክረምቱ እስኪወጣ ይቆይልን» ቢልዎ፣ «የጸደቀ ደረጃ የለውም። አመድ በዱቄት ይስቃል አሉ፤ አንተም በእኛ ልትስቅ ነው?» ብለው አስጠረጉት። ተረትዎ ግሩም ነበር፤ ሾፌሩ ብቻ ነው የሳቀው።

ሁለተኛ፣ ስለ ቃልዎ። በአሥራ አምስት ቀን ቀይ አመድ ከነገልባጭ መኪናው ይመጣል ብለውናል። እስከ ዛሬ አልመጣም። የእኛ አመድ የተጠላው በቀለሙ መሆኑን ቀድመው ቢነግሩን ቀለም እንፈልግለት ነበር።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል፤ እርስዎ ግን ለማንበብ እንደማይከብድዎ አምናለሁ። ነሐሴ አሥራ ሁለት ጎረቤቴ የኔአለም የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ አማጠች። አምቡላንሱ መጥቶ፣ እርስዎ ያስጠረጉት ቦታ ላይ እስከ ሆዱ ሰመጠ። ባሏ ድረስና ሰባት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት ጭቃው ውስጥ ገቡ። ሁለት ጊዜ ወደቁ። «እትዬ፣ አልቻልሁም፤ አውርዱኝ» አለችኝ። እዚያው ጋቢ አንጥፈን ወለደች፤ ሴት ልጅ ነበረች። ድረስ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ለምን አታለቅስም?» ብሎ ጠየቀኝ። ትንፋሽ የሌላትን ልጁን በነጠላዬ ጠቅልዬ አቀበልሁት።

እናቲቱ ደም እየፈሰሳት ደብረ ማርቆስ ደርሳ ተርፋለች። እርስዎም ለአቤቱታችን ፈጥነው፣ «ጉዳዩ የጤና እንጂ የመንገድ አይደለም» የሚል ምላሽ ስለሰጡን እናመሰግናለን።

እንግዲህ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ፦ ባለፈው ቅዳሜ መንገዱን እንደገና በአመድ ሠርተነዋል። የመጀመሪያውን ጆንያ ያራገፈው ድረስ ነው። የሙከራውን ወረቀት አያይዤልዎታለሁ፤ መሐንዲስ ልከው ቢያስመረምሩት ደስታውን አንችለውም። ግሬደር ከላኩ ግን የወለዱትም ያልወለዱትም የቀበሌያችን ሴቶች መንገዱ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል። እኔ ወገቤን ስለሚያመኝ ወንበር ይዤ ከፊት እሆናለሁ።

እግዚአብሔር ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ጫማዎን ጭቃ አይንካው እያልሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ የምነሳዎ

አመተ ማርያም፣ ጡረተኛ መምህርት

ማስታወሻ፦ ደብዳቤው ማህተም የለውም ብለው እንዳይመልሱብኝ። ማህተሙን የያዙት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከሐምሌ ጀምሮ አማኑኤል ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ጭቃው ለጤናቸው እንደማይስማማ ጽፈው ሲያመለክቱ የድጋፍ ደብዳቤ የጻፉላቸው እርስዎ እንደሆኑ ሰምቻለሁ።