ከአንኮበር ሥር የመሬት ሙቀት ስንለካ

ኅዳር 1958 ዓ.ም.፣ ሰኞ

የማሞቂያውን ዘንግ ዛሬ መሬት ውስጥ ቀበርነው። አፈሩ ሙቀቱን በምን ፍጥነት እንደሚወስድ እስክናውቅ ለዘንጉ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሞተር መጥፋት የለበትም፤ ከጠፋ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ጓደኛዬ ኃይሌ ላይኛው ጉድጓድ ውስጥ ጨው ጨመረ። ጨዉ በታችኛው ጉድጓድ ብቅ ሲል ውሃው ከመሬት በታች እንዴት እንደሚሄድ እናውቃለን። መሐንዲሳችን አቶ ታደሰ «ከዚህ ሙቀት አንድ ቀን መብራት ይወጣል» ይላሉ። ይውጣ። እኔ ቀና ስል የሚታየኝ የአንኮበር ተራራ ነው። ዘነበች እዚያ ላይ ናት። ከተጋባን ዓመት አልሞላንም፤ አብረን ካደርነው ተለያይተን ያደርነው ይበልጣል።

ማክሰኞ

ከአንኮበር ወደ ቆላ ገበያ የሚወርድ ነጋዴ በድንኳናችን በኩል ሲያልፍ አወቀኝ። «ባለቤትህን ወባ ይዟት ተኝታለች» አለኝ። ደጋ ላይ ወባ ከየት መጣ? «ናፈቅኸኝ» ብላ በበቅሎ ወርዳ እኔ ዘንድ ያደረች ጊዜ ነው የያዛት። አቶ ታደሰ ደብረ ብርሃን ሄደዋል፤ ፈቃድ የምጠይቀው ሰው የለም። ምሳዬን ተውኩት።

ረቡዕ

ሙቀቱን ሳነብ ደጋግሜ ተሳሳትኩ። ኃይሌ መለኪያውን ከእጄ ወሰደው። «አንተ እዚህ የለህም። ሂድ! ዘንጉንም ጨዉንም እኔ እከታተላለሁ።»

«ሞተሩ ቢጠፋስ?»

«ቢጠፋ መሬቱ የትም አይሄድም።»

የወባ ክኒን በመሐረብ ቋጥሬ ዳገቱን ተያያዝኩት።

ሐሙስ፣ አንኮበር

እናቷ በሩን ከፍተው «ልጄ፣ እንኳን መጣህልኝ» ብለው ሲያለቅሱ የሞተች መሰለኝ። አልሞተችም። ጋቢ ተደራርቦባት ትንቀጠቀጣለች። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ «ሥራህን ለማን ጥለህ መጣህ?» አለችኝ። ቁጣ ይሁን ደስታ አልለየሁትም። እጇ እሳት ነው።

አርብ

ትኩሳቱ በረድ አለ። አጥሚት ጠጣች። ፀጉሯን ላበጥርላት ብዬ ስጎትታት ሳቀች። ይህን ሳቅ እንዴት ናፍቄው ኖሯል! ነገ መሄዴን ሳስብ እዚያው አጠገቧ እንደተቀመጥኩ ናፈቀችኝ። «ሥራው መቼ ነው የሚያልቀው?» አለች። ማበጠሪያውን እንደገና አነሳሁ።

እሑድ፣ ድንኳን

ትናንት ስደርስ ሞተሩ ጠፍቷል። የዘንጉ ሥራ እንደ አዲስ ሊጀመር ነው። አቶ ታደሰም ተመልሰዋል። ይቆጡኛል ስል «እንዴት ናት?» አሉኝ። ዛሬ ደግሞ ጨዉ በታችኛው ጉድጓድ ታየ! ኃይሌ እንደ ሕፃን ዘለለ። እኔም ደስ አለኝ፤ ወዲያው ለዘነበች መንገር አማረኝ። ከእሷ ጋር እንድኖር ወደ ደብረ ብርሃን ቢሮ ያዛውሩኝ እንደሆነ አቶ ታደሰን ጠየቅኋቸው። «ለገና ይሆናል» አሉ።

ይሆናል። እሺም አይደለም፣ እንቢም አይደለም። ይዤው ልደር።