ሆዴን ለእኔ ተዉልኝ

ውድ እህቴ፣ ናፍቆቴ ከሰላምታዬ ቀድሞ ይድረስሽ። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

እማዬ ስለ ሆዴ የነገረችሽን አትስሚ። ፀጉር ቤታችን ደንበኛ ሲበዛ ምሳ እዘላለሁ፣ ማታ እንደ ጅብ እበላለሁ፤ ሆዴ ቢያኮርፍ ምን ይገርማል? ትናንት ሳህን ይዛ ስትከተለኝ፣ "ሕፃን አይደለሁም፤ ሲርበኝ እበላለሁ!" አልኳት። ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ የበሳሁትም ቆዳው ስለላላ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ምርመራ አዝዞ ሲያበቃ፣ አባዬ በምን እንደሞተ ይጠይቀኛል! "እኔ የመጣሁት ለራሴ ሆድ ነው!" ብዬው ወጣሁ። ለምርመራውም አልሄድኩም፤ አልሄድምም።

ይልቅ እኔ ያኔ ትንሽ ነበርኩ፣ አንቺ ታስታውሻለሽ፤ አባዬን መጀመሪያ ሲጀምረው ያመው የነበረው ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እንዲሁ ለጨዋታ ነው። ለእማዬ ግን እንደጠየቅኩሽ እንዳትነግሪያት።

ልጆችሽን ጉንጫቸው እስኪቀላ ሳሚልኝ። መልሱን ቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ግትሩ