ሽማግሌዎቹ ምልክቱን ሳያጠኑ አይሄዱም

ልጄ እሌኒ፣ በሄድሽበት ሁሉ ደጅ ይከፈትልሽ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። ማንጎው ዘንድሮ አላሳፈረንም።

ወንድምሽ ናሆም ሊያገባ ነው። የመረጣት አስቴር መስማት የተሳናት የኦቾሎ መንደር ልጅ ናት። ከሴኡል በላክሽልኝ ፊልም ወጣቶቹ ፍቅራቸውን የሚገልጹት በምልክት ቋንቋ አይደል? ሰላምታቸውን አጥንቼ ባሳያት አስቴር በሳቅ ፈረሰች፤ ለካስ የኮሪያው ምልክት ከእኛ ይለያል! አሁን የእኛን እሷው ታስተምረኛለች።

አጎትሽ ጥዑመልሳን «እትዬ፣ ከዚች ልጅ ጋር ምን ሊያወራ ነው?» አለኝ።

«አንተስ ከሚስትህ ጋር ይህን ሁሉ ዓመት ምን አወራህ?» አልኩት።

ሽማግሌ የሚናገረው ለአባት ነው ይሉኛል። ለአባቷም ይንገሩ፤ ፈቃዷን ግን ለራሷ በምልክት የማይጠይቅ ሽማግሌ ከቤቴ አይላክም። ሁሉንም ሳሎን አስቀምጬ አስጠናቸዋለሁ። አጎትሽ እጁን ኪሱ ከቶ አኩርፎ ነበር፤ ትናንት አወጣው። ሲሳሳት አስደግመዋለሁ። ሳያስተካክል አላሳልፈውም።

እሁድ በቪዲዮ ስትደውዪ «አስቴር እንዴት ናት?» ብለሽ ናሆምን አትጠይቂብኝ። የእኛን ሰላምታ ቀርጾ ይልክልሻል፤ አጥኚና ራሷን ጠይቂያት።

እግዚአብሔር እጆችሽን ይባርክልኝ።

እናትሽ ወለቴ