የደረቀውን አፈር ስላጠጣችው እህቴ

ቀን፦ ጥር 14

ለደረቅ አፈር ጥናት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በእህቴ የስንብት ደብዳቤ ላይ የሰፈረው «ጥናቱን ለማበላሸት ሆን ብላ» የሚለው እንዲነሳ ስለመጠየቅ

ዛሬ ጠዋት የተሸጠው ሁለት የአበባ መትከያና አንድ ውሃ ማጠጫ ነው። ከዚያ በኋላ ሱቄን ዘግቼ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

1. ታናሽ እህቴ በክፍልዎ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ለዓመታት ጠብታ ውሃ ያልነካውን የጥናት አፈር አጠጥታ ተሰናብታለች። ማጠጣቷን አልክድም።

2. ለማበላሸት ግን አይደለም። የጥናት አፈሩ ያለበት ክፍል ጽዳት ሠራተኛ ታማ እህቴ በምትኳ የገባችበት የመጀመሪያ ቀን ነበር፤ አትንኪ ያላትም የለም። በእኔ ሱቅ ስታድግ «የደረቀ አፈር ደንበኛ ያሸሻል» እያልኩ ስቆጣት ኖሬያለሁ። የተሰነጠቀ አፈር አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ያስለመድኳት እኔ ነኝ።

3. ይህን በወጉ ማስረዳት ሲገባኝ፣ አንድ ጆንያ ጥቁር አፈር አሸክሜ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። «አፈር በአፈር፤ የተረፈውን ምራቂ አድርጉት» ብዬ በሠራተኞችዎ ፊት ጮህኩ። ጥናቱን የሚያካሂዱት ተመራማሪዋ አልተቆጡኝም። «ወንድሜ፣ እዚያ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ ሕይወት ያላቸው ደቂቅ ነገሮች አሉ። ድርቁን ተኝተው እንዴት እንደሚያልፉት ነበር የምንከታተለው። ውሃ ሲያገኙ በሰዓታት ውስጥ ነቁ፤ ጥናቱም እዚያ ላይ አበቃ» አሉኝ። እኔም «ታዲያ እንደምን አደራችሁ በሏቸዋ» ብዬ ሳቅኩ። ከእኔ በቀር የሳቀ አልነበረም። ጆንያውን ጥበቃው ለተሸካሚዬ መልሶ አሸከመው። ከዚያን ቀን ወዲህ በመሥሪያ ቤትዎ በኩል ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ነው።

4. እህቴ እህል በወጉ አትቀምስም። ስለ ሥራዋም አታነሳም። «ጋሼ፣ ሞቱ እንዴ?» ትለኛለች። ነቅተዋል አልኳት። «ታዲያ እንደገና ሲደርቅባቸውስ?» አለችኝ።

5. ነጋዴ ነኝ፤ ብዙ ጠርቼ በትንሽ መስማማት አውቃለሁ። ዛሬ ግን የጨመርኩት ዋጋ የለም። ሥራዋን መልሱላት አልልም። ያ ቃል እያለ ሌላ መሥሪያ ቤት እንደማይቀበላት ያውቃሉና እሱ ይነሳላት። ከተቻለም ተመራማሪዋ የእህቴን ጥያቄ በራሳቸው አንደበት ይመልሱላት፤ መልሱ ክፉም ቢሆን።

ነገ ጠዋት ለትምህርት ቤቱ ችግኝ አድርሼ፣ እህቴን ይዤ በራችሁ ላይ እጠብቃለሁ።

ከእፍረትና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ወንድሟ፣ የችግኝ ነጋዴው